የጉማራና የርብ አፍ በክረምት ለመረብ ይዘጋ?

የክርክሩ ነጥብ፦ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ጣና የሚገቡት ወንዞች፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ፣ ከሐይቁ በሚገናኙበት አፍ መረብ መጣል ይከልከል፤ ጥሎ የተገኘ መረቡ ይወረስ። ይዘጋ የምትለው በዓሣ ሀብት ሙያ የምትሠራ ወጣት ናት። አይዘጋ የሚሉት ከአስጋሪዎች ጋር የኖሩ አዛውንት ናቸው።

ይዘጋ

የጣናን ዓሣ ሁሉ አንድ አድርጎ ማየቱ ነው የጎዳን። ቀረሶ እዚያው ደንገሉ ዳር ይራባል፣ ጫጩቶቹን በአፉ ይዞ ያሳድጋል፣ ቶሎም ይተካል። ነጭ ዓሣ እንዲህ አይደለም። ሐይቁ ውስጥ ከ15 የማያንስ ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ በወንዞቹ አፍ ይከማቹና ጎርፉን ተከትለው ሽቅብ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር በበዛበት፣ ንጹሕ ውሃ በሚወርድበት ገባር ላይ ነው። ለመራባት እስኪደርሱ ዓመታት ስለሚፈጅባቸው ያለቀውን ቶሎ አይተኩም።

የሞተር ጀልባና ረጅም የናይሎን መረብ በ1978 ዓ.ም. ገባ። ከዚያ በኋላ ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ብቻ የነጭ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መውረዱን ጥናት አሳይቷል። ለምን ቢሉ፣ አስጋሪው ሐይቁን ሁሉ መዞር አያስፈልገውም፤ ዓሣው ራሱ ተሰብስቦ ይመጣለታል። ነሐሴ ላይ ወደቡ ዳር ዓሣ ሲበለት የተመለከተ ያውቀዋል፤ ቢላው ሆዱን ሲከፍት ቢጫው እንቁላል እስከ ክንድ ይፈስሳል፣ ከአንጀቱ ጋር ተጠርጎ ይጣላል።

ሕግ የለም እንዳይባል የ1995ቱ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 አለ፤ ተቆጣጣሪም ይሾማል ይላል። ተቆጣጣሪው ግን ወንዙ አፍ ላይ አይገኝም። ኅዳር ላይ መጥቶ ወደብ ላይ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

አይዘጋ

እህቴ፣ ስለ ዓሣው የተናገርሽውን አልከራከርም። የምከራከረው ስለ ሰውየው ነው። በደንገል ታንኳ የሚያሰግር ሰው የት ድረስ ይሄዳል? ታንኳዋ ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከዳር መራቅ ሞት ነው። ስለዚህ የእሱ ማሳ የሐይቁ ዳርና የወንዙ አፍ ብቻ ነው። ባለሞተሩ ጉማራ ቢዘጋበት ነዳጁን ሞልቶ መሐል ሐይቅ ይጥላል። አራት ወር ሥራ የሚፈታው ታንኳ ያለው ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ መሬት የሌላቸው የነገደ ወይጦ ሰዎች ብዙ ናቸው። እርሻ የለው፣ ከብት የለው፣ መስከረም ላይ ምን ይብላ?

ደግሞ ዓሣውን የሚጨርሰው መረብ ብቻ ነው? ርብ ላይ ግድብ ተሠርቶ ላይኛው መንገድ ተቆርጧል። የምትይው ጠጠር ከወንዙ አልጋ ከአሸዋው ጋር ለግንባታ እየተጫነ ይሄዳል። በጋ ሲሆን ባለ ፓምፑ ጉማራን ግራና ቀኝ ይመጥጠዋል፤ የተፈለፈለው ትንሽ ዓሣ ወደ ሐይቁ የሚወርድበት ውሃ ያጣል። ፎገራ ላይ አምባዛ ይራባበት የነበረው ረግረግ ሩዝ ሆነ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ዳር ዳሩን ይዞታል። ግድብ የሠራውን፣ አሸዋ የጫነውን፣ ፓምፕ የተከለውን ማን ከሰሰው? ሁሌም የሚያዘው መረብ የተሸከመው ነው፤ እሱን መያዝ ቀላል ነዋ!

ይዘጋ

ጋሼ፣ ስለ ፓምፑና ስለ አሸዋው የተናገሩት ልክ ነው። እሱ እስኪስተካከል መረቡ ይቀጥል ማለት ግን አያስኬድም፤ ወንዙን አልፎ የሚወጣ እናት ዓሣ ከሌለ ጠጠሩ ቢተርፍ ምን ይጠቅማል?

ታንኳ ስላሉት ልመልስ። እኔ ይዘጋ የምለው አፉንና የአፉን አካባቢ እንጂ ዳሩን ሁሉ አይደለም። ቀረሶና አምባዛ በሌላው ዳር ይያዛሉ። ያቺ በውሃ ውስጥ የማትታይ፣ ዓይኗ ጠባብ የሆነች የፕላስቲክ መረብም የባለሞተሩ ብቻ አይደለችም፤ ርካሽ ስለሆነች ባለታንኳውም ይዟታል። ስትቀደድ ጠግኖ አይይዛትም፣ እዚያው ይጥላታል። እሷ ግን አትበሰብስም፤ ባለቤት ሳይኖራት ዓሣ ስትይዝ ትከርማለች።

አይዘጋ

እሷን መረብ ታንኳ የሚቀዝፈው አላመጣትም። ከውጭ አስገብቶ በሱቅ የሸጠለት አለ። ያስጨረሰን የደረቅ ዓሣ ንግድም አለ፤ ትንሹም ትልቁም ደርቆ በመተማ በኩል ሱዳን ይሄዳል። መኪናው በኬላ ነው የሚያልፈው፣ ኬላው ላይ ደግሞ ጠባቂ አለ። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ሐይቅ በሌሊት ከመጠበቅና አንድ ኬላ ከመጠበቅ የቱ ይቀላል?

ይዘጋ

ኬላውም ይጠበቅ፣ ሱቁም ይፈተሽ። ነሐሴ ላይ እንቁላል የያዘ ነጭ ዓሣ ገበያ ላይ ከተገኘ ሻጩ ከየት አመጣኸው ይባል። ነገር ግን ጠባቂ የሌለው ወንዝ አፍ ላይ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚበትነውን ኬላ አይዘውም፤ የሚያየው የቀበሌው ሰው ነው። ጥበቃው ለአስጋሪዎቹ ማኅበር ይሰጥ፣ አበልም ይከፈል። በእነዚያ ወራት ሥራ የሚፈታው ባለታንኳ ራሱ ይጠብቅ።

አይዘጋ

አሁን ወደ ሰውየው መጣሽ። ይህን ከመጀመሪያው ብትዪ ግማሹን ቃሌን አላባክንም ነበር። ቢሆንም አበል የሚባለው ነገር ሁለት ክረምት ይከፈልና በሦስተኛው በጀት የለም ይባላል። አበሉ ከዓሣ ነጋዴው ፈቃድ ክፍያ ላይ ተቆርጦ ለማኅበሩ በቀጥታ እንዲገባ በደንብ ይጻፍ። ባለሞተሩም በእነዚያ ወራት ከአፉ ብቻ ሳይሆን ባለታንኳው ከሚሠራበት ዳር ሁሉ ይራቅ። ሁለቱ ካልተጻፉ አይዘጋ ባይ ነኝ።