ፀጉር መላጨት ሕክምና አይደለም

ቲክቶክ የሚያይ ሰው ይህ ዓይነቱ ቪዲዮ ሳይገጥመው አይቀርም። መጀመሪያ መንገድ ዳር የተቀመጠ፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ልብሱ ያለቀ ሰው ይታያል። የሚያሳዝን ሙዚቃ ይገባል። ቀጥሎ ሰውየው ይታጠባል፣ ይላጫል፣ አዲስ ቲሸርት ይለብሳል። መጨረሻ ላይ ሁለት ምስል ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ «በፊት» እና «አሁን»። ከሥሩ «ስለ አእምሮ ሕመም ግንዛቤ ለመፍጠር» የሚል ጽሑፍ አለ።

ሰው ማጠብና ማልበስ ጽድቅ ነው። እሱ ላይ አፌን አልከፍትም። ጥያቄዬ ካሜራው ላይ ነው። በሁለቱ ምስሎች መካከል የተለወጠው ፀጉርና ልብስ ብቻ ነው። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ደግሞ በምላጭ አይለቅም። መድኃኒቱ መሥራቱ እስኪታወቅ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላም ክትትል አለ፣ የወር መርፌ አለ፣ እጅ የሚያንቀጠቅጥና እንቅልፍ የሚያበዛ የጎንዮሽ ጉዳት አለ። ይሄ ሁሉ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ አይገባም። ላይክም አያመጣም።

ሌላም ጣጣ አለው። እንዲህ ዓይነት ምስል በበዛ ቁጥር የአእምሮ ሕመም ማለት ጨርቅ መጣል ብቻ ይመስለናል። ድባቴ የያዘው የባንክ ሠራተኛ ግን ሸሚዙን ተኩሶ ቢሮ ይገባል። ከጦርነቱ ወዲህ እንቅልፍ ያጣችው እናት ነጠላዋን አጣፍታ ጊዮርጊስ ትሳለማለች። ሁለቱም ያንን ቪዲዮ ያዩና «ተመስገን፣ እኔ እዚያ አልደረስኩም» ብለው ያልፋሉ። ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ነገሩ ከከፋ በኋላ ነው።

ባሕር ዳር ፎቶ የምትወድ ከተማ ናት። ቅዳሜና እሁድ ጣና ዳር ውጡ። ሙሽሮች አሉ፣ ጋዎን የለበሱ ተመራቂዎች አሉ፣ ካሜራ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልጆች «ፎቶ ላንሳችሁ?» እያሉ ይዞራሉ። እዚያው ዛፍ ሥር ፌስታሎቹን ደርድሮ ለብቻው የሚያወራ ሰው ሲኖር የሚሆነውን አይቻለሁ። ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን «ወደዚህ ጠጋ በሉ» ብሎ ሰውየውን ከፍሬሙ ያስወጣዋል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ እዚያው ሰውዬ ላይ ዙም ያደርጋል። ለሰርግ አልበም አይሆንም፣ ለቲክቶክ ግን ይፈለጋል። «ወንድሜ፣ ላንሳህ?» ያለው የለም።

ዘጌ ገዳማት ስንገባ አስጎብኚው «ፍላሽ አጥፉ» ይለናል፤ የግድግዳው ሥዕል እንዳይጎዳ ነው። እሺ ብለን እናጠፋለን። ለሰው ፊት ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን አቃተን?

ፈቃድ መጠየቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻም አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። የታመመ ሰው ነገር ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ሕመሙ በበረታበት ሰዓት «እሺ» ያለ ሰው፣ ተሽሎት ቤቱ ሲገባ «ምነው ባላነሳችሁኝ» ሊል ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይጠየቅ ባይ ነኝ፤ አንዴ ሲነሳ፣ አንዴ ሲሻለው። ሁለተኛውን መልስ ሳያገኙ መለጠፍ የለም። «እስኪሻለው ማን ይጠብቃል?» የሚል ካለ፣ የቸኮለው ለማን ብሎ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

የሚጎዳው ሕመምተኛው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ ቡታጅራ አካባቢ የተሠራ ጥናት ካነጋገራቸው የሕመምተኛ ቤተሰቦች ሦስት አራተኛ ያህሉ መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ይሄ እንግዲህ ጎረቤት ብቻ በሚያውቅበት ዘመን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፣ እውነት ነው። ግን በሽታውን የሚናገረው ባለቤቱ እንጂ አላፊ አግዳሚው አይደለም።

ፎቶ ጥቅም የለውም እያልኩም አይደለም። ጣሊያን ውስጥ ካርላ ቼራቲና ጃኒ ቤሬንጎ ጋርዲን የአእምሮ ሆስፒታሎችን ከውስጥ አንስተው፣ ፎቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ታተሙ። ከበስተጀርባቸው ፍራንኮ ባዛሊያ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነበር። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 አገሪቱ እነዚያን ሆስፒታሎች ደረጃ በደረጃ የሚያስቀር ሕግ አወጣች። ፎቶዎቹ የከሰሱት የታጎረውን ሰው ሳይሆን ያጎረውን ግንብ ነው።

እኔ ግን ይበልጥ የምወደው ካሜራውን ለባለቤቱ መስጠትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ ቻይና ዩናን ውስጥ ለገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጥተው ኑሯቸውን ራሳቸው እንዲያነሱ አደረጉ። ዘዴው ኋላ ላይ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎችም በብዙ አገር ውሏል።

እኛ ከተማ ቢሞከርስ? ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ክትትል ያለው ሰው ምን የሚያነሳ ይመስላችኋል? የቀጠሮ ካርዱን ይሆናል። ከአዴት በጠዋት የመጣበትን ሚኒባስ። ወረፋ ስትጠብቅ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቅልፍ የጣላትን እናቱን። ከተማውን ዞሮ ያጣውን መድኃኒት ማዘዣ። የጸበል ጀሪካን ከክኒኑ ጎን፤ ብዙ ቤት ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ማጣላትም አያስፈልግም። የራሱን ፊት ጭራሽ ላያነሳ ይችላል። መብቱ ነው።

ወጪው ያን ያህል አይደለም። ስልክ በየኪሱ አለ፤ ፎቶ የሚያትሙ ልጆች እዚሁ ናቸው። የሙሉዓለም አዳራሽ ባይገኝ የሐይቁ ዳር መንገድ ይበቃል። የጎደለው በቀጠሮ ቀን «ማንሳት የሚፈልግ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ነርስ ነው። ፎቶው ከተሰቀለ በኋላ «የኔን አውርዱልኝ» ለሚል ሰውም ያለ ክርክር የሚያወርድ አዘጋጅ ያስፈልጋል።