«ሙሉ ሰርቪስ» እያላችሁ የፊት አክስሉን የምትዘሉት እስከ መቼ ነው?

ኧረ ወገን፣ ይሄ የፊት አክስል ዘይት ነገር አንጀት ያሳርራል! ትራክተሩ ጋራዥ ይገባል፣ የሞተር ዘይት ይቀየራል፣ ፊልትሮ ይቀየራል፣ ግራሶ ይሞላል፣ «ሙሉ ሰርቪስ» ተብሎ ሂሳብ ይከፈልበታል። የፊት ጎማዎቹን የተሸከመውን የፊት አክስል የነካው ግን የለም። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ዘይት ጠቁሮና ውኃ ጠጥቶ ሦስት ክረምት እዚያው ይከርማል። ከዚያ አንድ ቀን መሐል ማሳ ላይ ከፊት ጎማው በኩል ቋ ቋ ማለት ሲጀምር «ዕቃው ቀሽም ነው» ይባላል። ዕቃው ምን አጠፋ?

ነገሩ የሚበላሸው ከልማድ ነው። በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው የድሮው ትራክተር የፊት አክስሉ ተራ ብረት ስለሆነ ግራሶ ካገኘ ይበቃዋል። የዛሬዎቹ ትንንሽ ፎርዊል፣ ማለትም በአራቱም ጎማ የሚነዱ ትራክተሮች ግን ፊታቸው ላይ ሌላ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍል ማርሽ) ተሸክመዋል። እንደ ኩቦታ ባሉት ላይ ኃይሉ ከመሐል ወደ ግራና ቀኝ ይሄድና በሾጣጣ ማርሾች ታጥፎ ቁልቁል ወደ ጎማው ይወርዳል። ያ ሁሉ ጥርስ የሚኖረው በአንድ ዘይት ነው፤ እንደ ሞዴሉ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሊትር። መቀየሪያው በአብዛኞቹ ከ300 እስከ 400 ሰዓት ላይ ነው። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ትራክተር 400 ሰዓት ማለት 50 የሥራ ቀን ነው! ከትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ለሞዴሉ የተጻፈውን ሰዓት አይቶ ሰዓት ቆጣሪውን ማንበብ ምን ይከብዳል?

ሥራውማ ከባድ ቢሆን ምን አለ። መጀመሪያ ፎርዊሉን አስገብቶ በለስላሳ መሬት ላይ ሩብ ሰዓት ያህል መንዳት፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ሜዳ ላይ ማቆም፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ለኋላ ጎማዎቹ ድጋፍ ማድረግ፣ ቁልፉን ማውጣት። በክሪክ ብቻ የተነሳ ትራክተር ሥር የምትገቡ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ።

ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ስንቴ እንናገር? ማፍሰሻውን ከመፍታታችሁ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፍቱ! ዝጎ አልፈታም ቢል ዘይቱ ገና ውስጥ ስላለ ትራክተሩን ነድታችሁ ወደ ባለሙያ ትወስዱታላችሁ። አስቀድማችሁ ካፈሰሳችሁ ግን ባዶ አክስል ይዛችሁ ትቆማላችሁ። ቡሎኖቹ ዙሪያ ያለውን ጭቃም በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፤ መረሬ አፈር ደርቆ ቀዳዳው ላይ ከተቀመጠ ስትፈቱ ወደ ውስጥ ይገባል።

ማፍሰሻው በግራም በቀኝም ጎማው አጠገብ ከታች ነው። ሁለት ነው፣ ሁለት! አንዱን ብቻ ፈትቶ «ፈሰሰ» የሚል መካኒክ ግማሹን አሮጌ ዘይት ትቶላችሁ ሄዷል። ጎማው ማዞሪያ ላይ ሌላ ዓይነት ማርሽ ያላቸው አክስሎችም አሉ፤ እነዚያ ለመሐሉ ለብቻ፣ ለግራና ለቀኝ ጎማም ለየብቻ ዘይት አላቸው። የጎማው ቡሎን አብሮ ስለሚዞር ለማፍሰስ ወደ ታች፣ ለመሙላትና ልኩን ለማየት በጎን እኩል እስኪሆን ጎማውን ታዞሩታላችሁ። መሐሉን ቀይሮ ጎማዎቹን የሚረሳ መዓት ነው።

የወረደውን ዘይት ሳታዩ አትድፉት። ማግኔት ያለው ቡሎን ላይ ግራጫ ቅባት መሰል ነገር ቢገኝ የተለመደ ነው። ስንጣሪ ብረት ወይም የጥርስ ቁራጭ ከሆነ ግን አዲስ ዘይት ሞልቶ መሸኘት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ኩሽኔታው ወይም ማርሹ መታየት አለበት። ወተት የመሰለ ከሆነ ደግሞ ውኃ ገብቷል።

ስለ ውኃው ነገር በጣም ነው የሚያበሳጨን። እንደ ፎገራ ባለ ውኃ በሚተኛበት የሩዝ መሬት የሚሠራ ትራክተር ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ማየት ግድ ነው። ሾፌሩ ግን ሲውል የጋለውን አክስል ይዞ ለማጠብ ቀጥታ ወንዝ ይገባል! የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና በአየር መተንፈሻውና ባረጀ ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ በሚያግደው ቀለበት) በኩል ውኃውን ይስባል። በከፍተኛ ግፊት ኦይል ሲሉ ላይ ማጠብም ያው ነው። ውኃ የገባበትን አክስል አንዴ ቀይሮ መተው አይበቃም፤ ረከስ ያለ የማርሽ ዘይት ሞልቶ ትንሽ ነድቶ እንደገና ማፍሰስ፣ ከዚያ ትክክለኛውን መሙላት። በናፍጣ ማጠብ የሚወዱ አሉ፤ ናፍጣው ጥጋጥጉ ላይ ይቀርና አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል።

ዘይት መምረጥ ላይ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ጉድ! የተቃጠለ የሞተር ዘይት «ለአክስል ይበቃል» ብሎ የሚሞላ ሰው ትራክተሩን እየገደለ ነው። «40 ቀጭን ነው፣ 90 ወፍራም ነው» የሚለው ክርክርም ስህተት ነው። የሞተርና የማርሽ ዘይት ቁጥር አንድ መለኪያ አይደለም፤ 90 የተባለው የማርሽ ዘይት ውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ጥርስ ከጥርስ ሲጨፈላለቅ ብረቱን በሚጠብቀው ቅመም ላይ ነው። መጽሐፉ 80 ደብሊው 90 የማርሽ ዘይት ካለ እሱን፣ ለካምቢዮና ለሃይድሮሊክ የሚሆነውን የትራክተር ዘይት ካለ እሱን። ከተከፈተ በርሜል የሚቀዳ ስሙ የማይታወቅ ዘይትን ግን እርሱት።

አሞላሉ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ወፍራም ዘይት በጠባቡ መንገድ ወደ ጎማዎቹ ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል፣ ዳርና ዳር ያለው አየርም ካልወጣ አያስገባውም። ስለዚህ የግራና የቀኝ መተንፈሻዎችን ፈትታችሁ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። 2 ሊትር ገብቶ መለኪያው ዘንግ «ሙሉ» ቢላችሁ አትመኑት! 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ለኩ፣ ወርዶ ታገኙታላችሁ፣ ጨምሩ። በጀሪካኑ ከገባው ሊትር ጋርም አስተያዩት። ከልኩ በላይ መሙላትም ጥሩ አይደለም፤ ሲግል ኦይል ሲሉን ገፍቶ ይወጣል። የመዳብ ሮንዴላው ካረጀ ቀይሩ፤ አዲስ ከጠፋ አሮጌውን እስኪቀላ አግላችሁ ውኃ ውስጥ ብትነክሩት ይለሰልሳል። መፍቻውን በቧንቧ አስረዝማችሁ ቡሎኑን አታጥብቁ፣ ጥርሱ ከተበላ ጣጣው ብዙ ነው።

አስፋልት ላይ ፎርዊል አስገብቶ መንዳትም ይቁም። የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ በጥቂቱ ፈጥነው እንዲዞሩ ስለተሠሩ ደረቅ መንገድ ላይ እርስ በርስ ይታገላሉ፤ ሙቀቱንና ጉዳቱን የሚከፍለው ያው አክስል ነው። የፊት ጎማ በሌላ ልክ የሚቀይርም ይህንኑ ችግር በገዛ እጁ ያመጣል።

በማግስቱ ከቸርኬው ውስጠኛ ጎን ዘይት ካያችሁ ኦይል ሲሉ ተበልቷል። ማዞሪያው ላይ የተጠመጠመ ሲባጎ ወይም ሽቦ ካለ መጀመሪያ እሱን ቆርጣችሁ አውጡ፤ አለዚያ አዲሱንም በሳምንት ይበላዋል። የቀየራችሁበትን ሰዓት ደግሞ መከለያው ውስጥ በቀለም ጻፉት፣ የሚቀጥለው ሾፌር ይየው።