ለሰባት ፈረስ አንድ ክምር ድርቆሽ

አዲስ አበባ ዳር ያለ አንድ የፈረስ ግልቢያ ማሠልጠኛ ሰሞኑን ማስታወቂያ ለጥፏል። ከእንግዲህ ፈረሶቹ ሜዳ ላይ አብረው አይውሉም። እያንዳንዱ በተራው ብቻውን ለአንድ ሰዓት ይወጣል፣ የቀረውን ጊዜ ጋጣው ውስጥ ያሳልፋል። ምክንያቱ ደግሞ አንዱ ፈረስ ባዝራዋን (ሴቷን ፈረስ) ረግጦ ማቁሰሉና ሌሎቹንም «ማስቸገሩ» ነው።

እሺ፣ ረግጧል። ለአንዱ ጥፋት ሰባቱም መታሰራቸው ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ለውሳኔው ከቀረቡት መከራከሪያዎች ያሳቀኝ «የአበሻ ፈረስ ተናካሽ ነው፣ አብሮ መዋል አይችልም» የሚለው ነው። ለመሆኑ ጥር 23 እንጅባራ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ያ ሁሉ ፈረስ በጩኸትና በጭፈራ መሀል ጎን ለጎን ተጋፍቶ ይውላል። «እሱማ ሰው ላዩ ላይ ስላለ ነው» ትሉኝ ይሆናል። በዓሉ ሲያልፍስ የት የሚውሉ መሰላችሁ? የአገሬው ግጦሽ ላይ፣ ከከብቱም ከበጉም ጋር ነው። ነገሥታቱን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ በፈረስ ስም ሲጠራ የኖረ ሕዝብ ፈረሱን እንዲህ ሲሰድብ መስማት ደግሞ የባሰ ይገርማል።

ያንን ሜዳ አይቼዋለሁ። ጠዋት ሠራተኛው ድርቆሹን ተሸክሞ ይመጣና በሩ ሥር፣ ጥጉ ላይ፣ ባንዴ ዘርግፎት ይሄዳል። አንድ ክምር! ጉራቹ፣ ያ የተከሰሰው ጥቁር ፈረስ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ክምሩ ላይ ይቆማል። አንገቱን አንዴ ሲወረውር አምስቱ ፈቀቅ ይላሉ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ዳማዋ ባዝራ ግን ከኋላዋ አጥር፣ ከጎኗ የውኃ ገንዳ ነው፤ መሸሻ የላትም። እሷ ናት የምትረገጠው። ታዲያ ጥፋተኛው ጉራቹ ነው ወይስ ድርቆሹን እዚያ የዘረገፈው?

ፈረስ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ሲግጥ እንዲውል የተፈጠረ እንስሳ ነው። ጨጓራው ምግብ ኖረም አልኖረም አሲድ ያመነጫል። ሌሊቱን ባዶ ሆዱን አሳድራችሁ ጠዋት አንድ ክምር ላይ ሰባቱን ብትለቋቸው ምን ጠበቃችሁ? መላው እኮ ቀላል ነው። ለሰባት ፈረስ ስምንት ቦታ ድርቆሽ፣ በመካከሉ ከሁለት ፈረስ ርዝመት በላይ ርቀት። የተባረረው ሌላ ክምር ያገኛል። ጥጉ እንዳያጣብቅ አጥሩ ክብ ይደረግ፣ ርግጫው እንዳያቆስል የኋላ እግራቸው የኮቴ ብረት ይውለቅ፣ አዲስ የመጣ ፈረስ መጀመሪያ ለጥቂት ቀን በአጥር ማዶ ይተዋወቅ። ይህን ሁሉ ሳይሞክሩ «ጉልበተኛ አለን» ማለት ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

«አውሮፓም ለየብቻ ነው» ያሉም አሉ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! ስዊዘርላንድ እኮ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ማንኛውም ፈረስ ሌላ ፈረስ ማየት፣ መስማትና ማሽተት አለበት ብላለች። ጡት የጣለ ውርንጭላማ 30 ወር እስኪሞላው ወይም በመደበኛነት ሥራ እስኪጀምር ድረስ በቡድን እንዲያዝ ግዴታ ነው።

ብቻውን የተዘጋበት ፈረስ ምን እንደሚሆን ጋጣ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እንጨት ይነክሳል፣ ቆሞ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ ይውላል። ፈረስ ሌላውን ትከሻውና ጋማው ሥር በጥርሱ ሲያክለት የልብ ምቱ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ጋጣ ውስጥ ማን ይከክለት?

ድንጉላውን፣ ያልተኮላሸውን ወንድ ፈረስ፣ ከባዝሮች ጋር ልቀቁት አላልኩም። የታመመውም ለብቻው ይሁን፣ እሱም ጎረቤቱን በአጥር በኩል እያየና እያሸተተ።

ደግሞስ ይህን ሒሳብ ማን ሠራው? ሰባት ፈረስ በየአንድ ሰዓቱ ማለት አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያወጣና ሲያስገባ ሊውል ነው፣ ያውም ደንበኛ በሚሠለጥንበት በዚያው ሜዳ። ዝናብ ሲመጣ ሰዓቷ ግማሽ ትሆናለች፣ ቅዳሜና እሁድ ጭራሽ ትቀራለች። ድርቆሹን ስምንት ቦታ መበተን ግን አሥር ደቂቃ አይፈጅም።