ጢጥ ጢጥ ጢጥ! ምን ሁን ነው የምትለኝ?

ወገን፣ ዛሬ ስለ ፖለቲካ አላወራም። ስለ ቤት ኪራይም አይደለም። አንጀቴን ያሳረረችው ክንፏ አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ የፎም አውሮፕላን ናት። ሳቁ፣ ግድ የለም። ባለቤቴም ስቃ ጨርሳለች።

ለማታውቁት፣ በሪሞት የምትበር፣ በባትሪ የምትሠራ ሞዴል አውሮፕላን ናት። ድሮን አይደለችም። እዚህ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ፣ የማውቀው ሐበሻ ሁሉ ባገኘኝ ቁጥር "ድሮኑ እንዴት ሆነ?" ይለኛል። ኧረ ድሮን አይደለችም! ድሮን እጅህን ከሪሞቱ ላይ ብታነሳ አየር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ይቺ እጅህን ካነሳህ ወደ መሬት ነው። የገዛኋት ለአሥር ዓመት ልጄ ነው፣ ስልክ ላይ ከሚፈዝ ብዬ። እሺ፣ እውነቱን ልናገር፤ ለራሴ ነው የገዛኋት።

የሚገርማችሁ፣ ከሁሉም የቀለለኝ የመንግሥት ጣጣ ነው። ከ250 ግራም በላይ ከሆነች መመዝገብ ግዴታ ነው። 5 ዶላር ከፈልኩ፣ በነፃ የሚሰጠውን የኢንተርኔት ፈተና ወሰድኩ፣ ቁጥሩን ክንፏ ላይ ለጠፍኩ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ጉድ የፈላው ጋራዥ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባትሪዋን ሰካሁ። ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ሦስት። ባትሪው ባለ ሦስት ሴል ስለሆነ ቆጠረው ማለት ነው። ጎበዝ። ከዚያ አንድ ረዥም ጢ—ጥ ብሎ ዝም ማለት ነበረበት። አላለም። ጢጥጢጥጢጥጢጥጢጥ! ያለ ማቋረጥ።

የሚጮኸው የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ነገር ነው። ኢኤስሲ ይሉታል። የክብሪት ሳጥን የምታክል፣ ሽቦ የበዛባት ነገር ናት። ስክሪን የላትም። ባትሪው ሲደክም፣ ሪሞቱ ሲጠፋ፣ አንተ ስትሳሳት፣ ለሁሉም ያላት ቋንቋ ጢጥ ብቻ ነው። ድምፁ ደግሞ ራሱ ከሞተሩ ነው የሚወጣው። ሞተሩን እያንቀጠቀጠች ታናግርሃለች።

መመሪያውን አወጣሁ። አንድ ወረቀት፣ አራት ቦታ የታጠፈ፣ ጉንዳን የጻፈው የሚመስል ፊደል። ምን ይላል? በየሩብ ሰከንዱ ቶሎ ቶሎ ከጮኸ ስሮትሉ (የሞተሩን ፍጥነት የሚጨምረው ስቲክ) ዜሮ ላይ አይደለም። በየሰከንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ከጮኸ የባትሪው ቮልት ልክ አይደለም። በየሁለት ሰከንዱ አንድ ጊዜ ከጮኸ ከሪሞቱ ምልክት አልመጣም። እንግዲህ ጋራዥ ውስጥ ተንበርክኬ፣ በስልኬ ሰከንድ እየቆጠርኩ ጢጥ ላዳምጥ! ልጄ "አባዬ፣ ይሄ ሩብ ነው ግማሽ?" ይለኛል። እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ!

ሩብ ነበር። ችግሩ ምን ሆነ መሰላችሁ? ነዳጅ የሚሰጠው ስቲክ (ነዳጅ የላትም፣ ግን ሌላ ምን ልበለው) እስከ ታች ወርዷል። ከጎኑ ያለችው ትንሿ ማስተካከያ ግን ሁለት ነጥብ ከፍ ብላለች። ሁለት ነጥብ! ለሁለት ነጥብ አንድ ሰዓት ተኩል። "ስቲኩ ትንሽ ከፍ ብሏል" የሚል አንድ ቃል የሚናገር ነገር መሥራት ያን ያህል ከባድ ነው? ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ በስንት ቋንቋ ያወራል!

ከዚያ ሪሞቱንና ኢኤስሲዋን አስተዋወቅኳቸው። ስሮትሉን እስከ ላይ ገፍቶ፣ ባትሪውን ሰክቶ፣ ሁለት ጢጥ ሰምቶ እስከ ታች መመለስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ ፕሮፔለሩን (ሞተሩ የሚያሽከረክረውን ምላጭ) ሳትፈቱ ይህን አትሞክሩ። ሞተሩ በድንገት ከተነሳ ጣት ይቆርጣል። ጣት ደግሞ አይበቅልም።

አሁን ሞተሩ ዞረ። ግን በተቃራኒው። ይሄስ ቀላል ነው፤ ከሞተሩ ከሚወጡት ሦስት ሽቦዎች የፈለጋችሁትን ሁለቱን ብታቀያይሩ ዙሩ ይገለበጣል። ከዕለቱ ሥራ ያለ ጭቅጭቅ ያለቀልኝ እሱ ብቻ ነው።

ስለ ባትሪ ሶኬትማ ባልናገር ይሻለኛል። እናገራለሁ። አንዱ ፋብሪካ ቢጫ ይሠራል፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ ቲ ቅርጽ ያለው። የአንዱ በሌላው አይገባም። ስለዚህ ካውያ ገዝታችሁ ራሳችሁ ትበይዳላችሁ። ባለፈው ወር ስበይድ ቀዩን በጥቁር፣ ጥቁሩን በቀይ አገናኘሁት። ባትሪውን ስሰካ ጢጥ እንኳን አላለም። ጭስ ብቻ። አዲስ ኢኤስሲ፣ 25 ዶላር። እሷ እንኳ ዝም ብላ ነው የሞተችው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጮኻ ጮኻ የሞተች ዕለት ዝም!

ለማንኛውም ከሰዓት በኋላ ቼሪ ክሪክ ፓርክ ሄድን። እዚያ የሞዴል አውሮፕላን ሜዳ አለ። ከመነሳቷ በፊት ክንፎቹን አየሁ። ስቲኩን ወደ ቀኝ ስትወስድ በቀኝ ክንፍ ላይ ያለችው ታጣፊ ወደ ላይ መነሳት አለባት። ፊት ለፊቷ ቆሜ ሳይ ልክ መሰለኝ። ልጄ ከኋላ ቆሞ "አባዬ፣ የአንተ ቀኝ የእሷ ግራ ነው" አለኝ። አየሁት። ልጁ ልክ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ነው እኮ! ሪሞቱ ላይ ገለበጥኩትና ምንም እንዳልተፈጠረ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ወረወርኳት። ሞተሩ በደንብ ይጮኻል። እሷ ግን እንደ ሰነፍ ዶሮ አሥር ሜትር ሄዳ ሣሩ ላይ ተደፋች። ደግሜ ወረወርኳት። ያው። በሦስተኛው ትምህርት ጀመርኩ። ልጄን አስቀምጬ "አየህ፣ እዚህ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብለናል። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር አነሰ፣ ክንፉም የሚደገፍበት አነሰ። አዲስ አበባ ብንሆን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ይብስ ነበር" አልኩት። ልጄ በአድናቆት ያየኛል። ሁሉም እውነት ነው ደግሞ። እኔም በራሴ ኮራሁ።

አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ፈረንጅ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሲያዩን ቆይተው መጡ። ምንም አላሉም። ጎንበስ ብለው ፕሮፔለሩን በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ "ቁጥሩ ወደ ፊት ነው መዞር ያለበት" አሉኝ።

ፕሮፔለሩን ገልብጬ ነው የገጠምኩት።

አያችሁ፣ ጨርሶ ባይገፋ ይገባኝ ነበር። ተገልብጦም ይገፋል! ዙሩ ልክ ከሆነ አየሩን ወደ ኋላ መወርወሩን አይተውም። ጎባጣው ጎኑ ወደ ኋላ ስለዞረ ግን ጉልበቱ ይወርዳል። ስለዚህ ይዞራል፣ ይጮኻል፣ ነፋስ ፊትህ ላይ ይተፋል፣ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። 10 በ5 የሚለው የመጠኑ ቁጥር ደግሞ በጥቁር ፕላስቲክ ላይ በጥቁር የተቀረጸ ነው። ቀለም የለው፣ ቀስት የለው። ለሰው መንገር ያለባት ነገር ላይ ጢጥ አትልም! ለሁለት ነጥብ ጎረቤት የቀሰቀሰችው ነገር፣ ፕሮፔለር ሲገለበጥ ዝም! (ኢኤስሲዋ ፕሮፔለሩን እንደማታየው አውቃለሁ። ተናድጄ ነው፣ ተዉኝ።)

ዳዶውን በፒንሳ ፈታሁ፣ ገለበጥኩት፣ አጠበቅኩት። ወረወርኳት። ሄደች! ስድስት ደቂቃ በረረች። ወደ ምዕራብ ተራሮቹ ጫፋቸው ላይ በረዶ አለ፣ እሷ ከፊታቸው ቀስ ብላ ትዞራለች፣ ልጄ ይጮኻል። ስለ አየር መሳሳት ያስተማርኩትን ማንም አላነሳውም። ሽማግሌው ብቻ ከወንበራቸው አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ።

ማታ ደክሞኝ ተኛሁ። ለሊት ስምንት ሰዓት ላይ ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "አንተ፣ የጭሱ ማስጠንቀቂያ ባትሪ ጨርሷል፣ ይጮኻል።" አዳመጥኩ። ጢጥ። እውነትም። በእንቅልፍ ልቤ ወንበር ስቤ፣ ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ያለውን ፈትቼ፣ አዲስ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከተትኩበት። ተመልሼ ተኛሁ። ጢጥ። የመኝታ ቤቱንም ቀየርኩት። ጢጥ። ጆሮዬ ላይ ትራስ ደፋሁበት።

ጠዋት ጥርሴን እየፋቅኩ ነው ብልጭ ያለልኝ። የጭስ ማስጠንቀቂያ በደቂቃ አንድ ጊዜ ነው የሚጮኸው። ይሄ ግን ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሰከንዱ ነበር። በየሁለት ሰከንዱ አንድ ጊዜ፦ ከሪሞቱ ምልክት አልመጣም።

ብሩሹን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ወደ ጋራዥ ሮጥኩ። ከሜዳ ስንመለስ ሪሞቱን አጥፍቼ ባትሪውን ሳልነቅል ነው የገባሁት። አሁን ድምፅ የለም። ቴስተር አምጥቼ ለካሁ። ሲሞላ 12.6 ቮልት የሚያሳየው ባትሪ 6.9 አለኝ። እንዲህ ዓይነቱ ባትሪ እያንዳንዱ ሴል ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል፤ እንዲህ ከወረደ በኋላ ቻርጅ ላድርገው ማለትም እሳት መጥራት ነው። ስንቱን ሰዓት ስትለምነኝ ነው ያደረችው፣ በምታውቀው በዚያችው በአንድ ቃሏ።

ሌላ 30 ዶላር። ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ቡናዋን እየቀዳች ቀና እንኳ አላለችም።

"በል፣ የጭሱስ አዲስ ባትሪ አገኘ" አለችኝ።