እርማት፦ የቱዩብ አምፕን ስፒከር ነቅሎ ስለ መቅዳት

ሰላም ለሁላችሁ። ቱዩብ አምፕ ማለት የጊታርን ድምፅ በቫኪዩም ቱዩብ የሚያጎላ ማጉያ ነው። «ጎረቤት እንዳይረበሽ የቱዩብ አምፑን ስፒከር ንቀሉና ከሴንድ መውጫው (ድምፁን ወደ ሌላ መሣሪያ ከሚልከው ሶኬት) ቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ቅዱ፤ ድምፅ ከሌለ ምንም አይጎዳም» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተሰጠ ምክር እንደሆነ ይገባኛል። በትራንዚስተር አምፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። ለቱዩብ አምፕ ግን አደገኛ ነው።

ቱዩቦቹ ኃይላቸውን ወደ ስፒከሩ የሚያደርሱት በአውትፑት ትራንስፎርመር በኩል ነው። ኃይሉን የሚቀበል ስፒከር ከሌለ፣ ጊታሩ ሲመታ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ከልኩ በላይ ይዘላል። ያኔ ሽቦው ሊቃጠል ይችላል፤ አንዳንዴ ቱዩቡና ሶኬቱም አብረው ይሄዳሉ። ቱዩብ በቀላሉ ይቀየራል። ትራንስፎርመር ግን ኪስ ይጎዳል።

ራሳችሁ አረጋግጡ። የአምፑን ጀርባ እዩ፤ ስፒከር መውጫው አጠገብ 4፣ 8 ወይም 16 ኦም የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። አምፑ የሚፈልገው ጭነት እሱ ነው። ማኑዋሉ «የራሱ ሎድ (ስፒከሩን የሚተካ ጭነት) አለው» ካላለ በቀር ያለ ስፒከር አታብሩት። የስፒከሩን ኬብል ከተጠራጠራችሁ አምፑን አጥፉና ከአምፑ በኩል ያለውን ጫፍ ነቅላችሁ በመልቲሜትር ለኩ። ባለ 8 ኦም ስፒከር 6 ወይም 7 አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላነበበ አንድ ቦታ ተቆርጧል።

ቀስ ባለ ድምፅ ለመቅዳት ማስተሩን (የአምፑን ጠቅላላ ድምፅ መቆጣጠሪያ) ዝቅ አድርጉና ድራይቩን (ሻካራውን ድምፅ) ከፔዳል ውሰዱ። ኤስኤም 57 ማይክን ከስፒከሩ ፊት ካለው ጨርቅ ሁለት ጣት ያህል አርቃችሁ፣ ከስፒከሩ መሃል ትንሽ ወደ ጎን አቁሙት። ጭራሽ ድምፅ እንዳይሰማ ከፈለጋችሁ ደግሞ ለአምፑ ዋትና ኦም የሚመጥን ሎድ ቦክስ (የአምፑን ኃይል በስፒከር ፋንታ የሚቀበል ሳጥን) በስፒከሩ ቦታ ሰኩ።