ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት፦ ይቀመጥ ወይስ ይመለስ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ጊዜው ያለፈበትን የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ቤቱ ማስቀመጥ ይገባዋል» የሚል ነው። ሐሳቡን የምትደግፈው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር ነርስ ናት። የሚቃወመው አዲስ አበባ ውስጥ የውክልናና የውርስ ጉዳይ የሚሠራ የሕግ ባለሙያ ነው። ሁለቱም ስማቸው እንዳይወጣ ጠይቀዋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ይህ ነገር ለክርክር መቅረቡ ራሱ ይገርመኛል። ዜግነት የወሰድኩ ዕለት አዳራሹ መግቢያ ላይ ግሪን ካርዴን ተቀበሉኝ። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አምጪ ያለኝ የለም። አሜሪካ ያልጠየቀችኝን ለማን ወስጄ ልስጥ?

የማስቀምጠው ለትዝታ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፓስፖርቴ ላይ የትውልድ ቦታ በሚለው መስመር «ኢትዮጵያ» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ደሴ ልወለድ፣ ሐረር፣ የሚያውቀው ነገር የለም። ስሜም ያው አይደለም፤ ዜግነት ስወስድ የባለቤቴን ቤተሰብ ስም ይዣለሁ። አገር ቤት በተማረችው ልጅና እዚህ የነርስነት ፈቃድ ባላት ሴትዮ መካከል፣ ፎቶና ሙሉ ስም ይዞ የሚቆመው ያ ፓስፖርት ነው። ልጆቼ ደግሞ እዚህ ተወለዱ። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማግኘት ይችላል ይላል። ነገ የልጅ ልጄ «አያቴ ኢትዮጵያዊት ነበረች» ብላ ስታመለክት በምን ታስረዳ? በምትጋግረው እንጀራ?

ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት ከንቱ ወረቀት ነው የሚል ሰው ደግሞ የአሜሪካ ቪዛ ያለውን ይጠይቅ። ቪዛው ካላለቀና ካልተበላሸ፣ የተመታበት ፓስፖርት ጊዜው ቢያልፍም ከአዲሱ ጋር አብሮ ይዞት ይገባል።

የአባቴም ፓስፖርት እኔ ጋ ነው። በእጅ የተጻፈ፣ ግማሽ ማኅተም ፎቶው ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ያረፈበት፣ በደርግ ጊዜ የተሰጠ የመውጫ ቪዛ ያለበት። ይህን መልሺ የሚለኝ ካለ መልኩን አይቼ ልወቀው።

ደግሞ ጠቅሞኛል። ባለፈው አገር ቤት ሄጄ ባንክ ቤት ሒሳብ ልከፍት ስል መታወቂያ አሉኝ፤ እሱን አሳየሁ፣ ጉዳዬ አለቀ።

ከአዲስ አበባ

እህቴ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ልጆቹና ስለ አባታቸው ያሉት ልብ ይነካል። ከዚያ መጨረሻ ላይ «እሱን አሳየሁ፣ ጉዳዬ አለቀ» አሉ። ጉዳዩ እዚያ አላለቀም፤ እንዲያውም የተጀመረው እዚያ ነው።

ለባንኩ ያሳዩት ማን ነኝ ብለው ነው? የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ሕጉ ማመልከቻ ወይም ፊርማ አይጠብቅም። አዳራሹ ውስጥ ምለው ሲወጡ ቦርሳዎ ውስጥ የነበረው ደብተር የሌላ ሰው ሆኗል። እርስዎ የዚያን ሰው ደብተር ይዘው ባንክ ቤት ገቡ።

ነገሩን ማካበድ ከመሰለዎት እንጀራዬ ከሆነው ልንገርዎ። ወንድም ከውጭ አገር ውክልና ይልካል። ዜግነት በሚለው ቦታ «ኢትዮጵያዊ» ይላል፤ ከሥሩ የድሮ ፓስፖርቱ ቁጥር አለ። በኤምባሲ፣ በውጭ ጉዳይ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል (እንዴት እንዳለፈ አይጠይቁኝ)። ቤት ይገዛበታል። ዓመታት ያልፋሉ፤ አባት ይሞታሉ፤ ወንድማማቾቹ ይጣላሉ። የዚያን ጊዜ አገር ቤት የቀረው ወንድም የዚያኛውን የአሜሪካ ፓስፖርት ኮፒ ይዞ ችሎት ይቀርባል። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን እንደማይችል ይደነግግ ነበር። ሰውየው በጊዜው ቢጫ ካርድ ቢያወጣ ኖሮ አዋጅ 270 ቤት የማፍራት መብት ይሰጠው ነበር። መብቱን በእጁ ማድረግ ሲችል የማይመለከተውን ደብተር ይዞ ተጓዘ። ያንን ስሕተት እንዲሠራ ያደረገው መሳቢያው ውስጥ የነበረው ደብተር ነው።

ሰው ከለቀቀው ቤት ሲወጣ ቁልፉን ይመልሳል። ጨዋነቱም ይኸው ነው፤ ሌላ ፍልስፍና አያስፈልገውም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ቁልፍ ይመልሱ አሉን። ቁልፍ የሚመልሰው ተከራይ ነው። እኔ ተከራይ ነበርኩ እንዴ? አከራዩስ ማን ነበር? በየወሩ ገንዘብ የምልክለት ቤት ለቀሽ ወጥተሻል ሲባል ዛሬ ሰማሁ። እርስዎ ባሉት ብንሄድ እንኳ ቁልፉ እኮ አይከፍትም፤ ጊዜው አልፎበታል! የማይከፍት ቁልፍ ቤቴ ቢቀመጥ ማንን ይዘርፋል?

ሕግ ከተጠቀሰ እኔም ልጥቀስ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱ አይገፈፍም ይላል። እኔ እጄን ያነሣሁት ኢትዮጵያዊነት ሰልችቶኝ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እናቱን ማምጣት አይችልም፤ ወላጅን ማስመጣት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። እናቴ ታማ ነበር። ፈቃድ የሚሉት ይህንን ከሆነ ፈቃዴ ነበር።

ወረቀት ማስቀመጥ ለምን ይጠቅማል ላሉት ደግሞ የቅርብ ጊዜ ታሪካችንን ያስታውሱ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ኤርትራዊ ናችሁ ተብለው ከኢትዮጵያ የተባረሩ ሰዎች መታወቂያቸውና ፓስፖርታቸው ተወስዶባቸዋል። ያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የ1922 የዜግነት ሕግም የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል ይል ነበር። ጉዳዩ ሔግ ሲደርስ የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ምን አለ? በ1985ቱ የኤርትራ ነፃነት ሪፈረንደም ለመሳተፍ ብቁ ሆነው የተገኙት ሰዎች በተግባር የሁለት አገር ዜጎች ነበሩ አለ፤ ምክንያቱም ኤርትራ ዜጎቼ ስትላቸው ኢትዮጵያም እንደ ዜጋ መቁጠሯን አላቆመችም። ሕጉ አይቻልም ያለው ነገር በተግባር ነበረ ማለት ነው። ከእነዚያ ሰዎች መካከል የድሮ ወረቀቱ በእጁ የቀረው ዕድለኛ ነበር። «መልሱና አርፋችሁ ተቀመጡ» የሚለው ምክርዎ ለእነሱ ቢደርሳቸው ምን ይሉዎት ይሆን?

ከአዲስ አበባ

ስለ ባንኩ አንድም ቃል አልመለሱም። ሔግ ድረስ ወሰዱኝ እንጂ ከቤትዎ ወደ ባንኩ የሚወስደውን መንገድ አላሳዩኝም።

«ጋሼ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ፤ ዕድሜዬን ከየት እንዳገኙት ግን አላውቅም። ዕድሜ ካነሣን አይቀር ስንት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ፓስፖርት ላይ ያለው የልደት ቀን ከአዲሱ ጋር የማይገናኝ እንደሆነ ያውቃሉ? አንዱ ዓመተ ምሕረቱን ወደ ፈረንጅ ሳይቀይር አስሞልቷል፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተወልዷል። ሌላው ስደተኛ ካምፕ ሲደርስ ቀኑን ስላላወቀው ጃንዋሪ 1 ተብሎለታል። ሌላው ሆን ብሎ ቀንሷል። እነዚህ ሰዎች የሚያስቀምጡት ቅርስ አይደለም፤ በራሳቸው ላይ የሚመሰክር ሰነድ ነው። ነገ የጡረታ ጥያቄ ወይም የልጅ ማስመጫ ሲመጣ አንድ መርማሪ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያደርጋቸው ማን ሊያስረዳ ነው?

አንቀጽ 33 ከፈቃዱ ውጭ ነው የሚለው። ቀኝ እጅዎን ማን አነሣልዎ? በአሜሪካ መሐላ ውስጥ ለውጭ መንግሥት ያለኝን ታማኝነት ሁሉ ትቻለሁ የሚል ቃል አለ፤ በእንግሊዝኛ ጮክ ብለው ብለውታል። ከዚያ አገር ቤት መጥተው የድሮውን ደብተር ያወጣሉ።

እርስዎ ብቻዎን አይደሉም። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮች ያላቸውን አክሲዮን እንዲያስረክቡ ሲያዝ ጩኸቱ ሰማይ ነክቶ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አክሲዮኑን ሲገዛ ምን መታወቂያ አሳይቶ ነበር? እስቲ ይመልሱልኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

መሐላዬን ያስታወሱኝ በጣም ገርሞኛል። እናቴን አልጋ ላይ ሆና ያመጣሁበትን ቀን እንደ ወንጀል ማስረጃ ነው ያቀረቡት። ይሁን። ሕግ ያጠና ሰው እንዲህ ይጽፋል፤ እኔ በሽተኛ ነው የማስታምመው።

አክሲዮን ላሉት፣ በ2009 ኃጢአት የነበረው በ2011 ጽድቅ ሆኗል። ያው ፓርላማ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክ አክሲዮን እንዲገዙ ሕግ አወጣ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፣ ደማቸውም ያው ነው፤ የተለወጠው የመንግሥት የገንዘብ ፍላጎት ነው። በ2010 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከዲያስፖራው በቀን 1 ዶላር ሲጠይቁ የየትኛውን አገር ፓስፖርት እንደያዝን የጠየቀን አልነበረም። ለ2014 የገና በዓል አንድ ሚሊዮን ሰው አገር ቤት ይግባ ሲባልም ቁልፋችሁን መልሳችኋል ወይ የተባለ የለም። ገንዘብ ስንልክ ልጆች ነን፤ ወረቀት ስናስቀምጥ ሌባ!

ኬንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ ጥምር ዜግነት ፈቀደች፤ ናይሮቢ አልፈረሰችም። ጀርመን እንኳ፣ ወረቀት የምታመልከው ጀርመን፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ዜግነት ለሚወስድ ሰው የቀድሞውን ተው ማለቷን አቆመች። እኛ ጋ ግን አሁንም መሳቢያ ይፈተሻል። ችግሩ ያለው ሕጉ ላይ ነው፤ ሕጉን መንካት ስለማይደፈር ነርሷ ትመከራለች።

ቢጫ ካርድ ላሉትም፣ አለኝ። ያወጣሁት ደግሞ ያንኑ ፓስፖርት አሳይቼ ነው። መልሺው ብለውኝ ብሰማዎት ኖሮ ዛሬ እርስዎ የሚያደንቁት ካርድ በእጄ አይኖርም ነበር።

ከአዲስ አበባ

ቢጫ ካርድ አለዎት? ታዲያ ባንክ ቤት መታወቂያ ሲሉዎት ቢጫ ካርዱን ትተው ጊዜው ያለፈበትን ፓስፖርት ያወጡት ለምንድን ነው? ነገሩ አሁን ይበልጥ ግራ ገባኝ። ሕጋዊው ካርድ ቦርሳዎ ውስጥ እያለ!

ክርክራችን ስለ ጥምር ዜግነት አልነበረም። ይፈቀድ ከተባለ አልቃወምም፤ ሥራዬም ይቀንስልኛል፣ እንቅልፍም አገኛለሁ። ክርክሩ ስላልተሰረዘ ፓስፖርት ነው። ከመጀመሪያውም የምለው ይህንን ነው፤ ጥጉ የተቆረጠ ወይም የመሰረዣ ማኅተም ያረፈበት ከሆነ መስታወት ውስጥ አድርገው ሳሎን ይስቀሉት። አሜሪካኖቹስ የድሮ ፓስፖርትዎን ሲመልሱልዎ በስተው አይደለም የሚሰጡዎት? ያኔ መንግሥት ቁልፍ መልሺ አለኝ ብለው ሲያማርሩ አልሰማሁም።

በእናትዎ ጉዳይ አዝናለሁ። ማስረጃ ብዬ አላቀረብኩም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

«ከመጀመሪያውም»! ክርክሩ ይቀመጥ ወይስ ይመለስ ነበር፤ «ይመልሳል» ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ወደ ላይ ተመልሼ አየሁት፣ ያው ነው። አሁን ተሰርዞ ይቀመጥ አሉ። እኔም ተሰርዞ ቢቀመጥ መች ከፋኝ? ጋሼ፣ አንድ ወገን ሆነናል ማለት ነው፤ ብቻ እርስዎ ሲመጡ ተጎትተው ነው።

የሚሰርዝልኝን ቢሮ ያሳዩኝና እሄዳለሁ። ኤምባሲ ከሆነ ቀጠሮ ይዤ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ እሄዳለሁ። ማኅተሙን ባዶ ገጽ ላይ እንዲመቱልኝ ግን እለምናቸዋለሁ፤ ስሜና ፎቶዬ ላይ ከመቱት ለልጄ ልጅ የሚነበብ ነገር አይቀርም። የአባቴን አልወስድም። እሱ ዜግነቱን ሳይለውጥ ነው የሞተው፤ አንቀጽ 20 አይመለከተውም።

ከአዲስ አበባ

የአባትዎ እንኳን ይቀመጥ፤ ወራሽ ነዎት። ባዶ ገጽ ላይ ይመቱልኝ ያሉትም ጥሩ ነው፤ እኔም ደንበኞቼን የምመክረው እንደዚያ ነው።

የባንክ ሒሳቡ ግን በየትኛው ዜግነት እንደተመዘገበ አገር ቤት ሲመጡ ሄደው ይዩት። «ኢትዮጵያዊት» ተብሎ ከሆነ ቢጫ ካርዱንና የአሜሪካ ፓስፖርቱን ይዘው ያስተካክሉት። አንድ ጥዋት ቢፈጅ ነው። ሳይስተካከል ከቀረ ወረፋው የሚጠብቀው ልጆችዎን ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄም ሟቿና ባለ ሒሳቧ አንድ ሰው ናቸው ወይ የሚል ይሆናል።