የበረራ ሰዓት በደጅ እና በቤት

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰው ካለቀ በኋላ፣ እዚህ አሜሪካ ብዙ ሰው አፍ ውስጥ የገባው ቁጥር 361 ነበር፤ የረዳት አብራሪው የበረራ ሰዓት። «እኛ ጋ 1,500 ሰዓት ያልሞላ ኮክፒት አይገባም» ይባላል። ዋናው አብራሪ ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ከ8,100 ሰዓት በላይ እንደነበረው የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ይህ ወሬ ዛሬም ያንገበግበኛል። አውሮፕላኑን ኒው ዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ያሳረፈው አሜሪካዊ ካፒቴን ሳለንበርገር እንኳ መጀመሪያ ላይ የረዳቱን ልምድ ማነስ ተችቶ ነበር፤ በኋላ ግን የአደጋውን ሁኔታ በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል የማሠልጠኛ መሣሪያ) ሞክሮት፣ የሚመጣውን አስቀድሞ እያወቀ እንኳ አብራሪዎች ጊዜና ከፍታ እንዴት ሊያልቅባቸው እንደሚችል እንደታየው ለአሜሪካ ምክር ቤት ተናግሯል።

የ1,500 ሰዓቱ ሕግ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 የኮልገን ኤር አውሮፕላን ቡፋሎ አጠገብ ተከስክሶ 50 ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከ2013 ጀምሮ የመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪም ያን ያህል ሰዓት ይጠየቃል፤ ከአየር ኃይል ለመጣና በረራን በዩኒቨርሲቲ ለተማረ ይቀነስለታል። ታዲያ የዚያ አውሮፕላን ካፒቴን 3,379፣ ረዳቷ 2,244 ሰዓት ነበራቸው። ሁለቱም ሕጉን ያልፉ ነበር! ፍጥነት መውደቁን ማስጠንቀቂያው ሲነግረው ካፒቴኑ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ ማድረግ ሲገባው መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። ይህ የሥልጠና ጉዳይ ነው።

ሰዓቱ እንዴት እንደሚሞላም ማየት ነው። ወጣቱ ተበድሮ ፈቃድ ያወጣል፤ ከዚያ አብዛኛው የበረራ አስተማሪ ይሆናል። ትንሽ ኤርፖርት አጠገብ ቆም ያለ ሰው ያየዋል፤ ባለ አንድ ሞተሯ ትንሽ አውሮፕላን፣ ሴስና፣ መንደርደሪያውን ነክታ ትነሳለች፣ ዞራ ትመጣለች፣ ደግማ ነክታ ትነሳለች። መሪውን በአብዛኛው የያዘው በግራ ያለው ተማሪ ነው፤ በቀኝ የተቀመጠው ልጅ ሰዓት እየለቀመ ነው። ከንቱ ነው አልልም፤ የሌላውን ስሕተት ቶሎ ማየት ያስተምራል። ግን ጄት የለበትም፣ ከካፒቴን ጋር ሥራ ተከፋፍሎ መሥራትም የለበትም።

አገር ቤት አየር መንገዱ ልጁን በራሱ ትምህርት ቤት ከዜሮ ይቀበለዋል። በትናንሽ አውሮፕላን ያስጀምረዋል፣ የሚመደብበትን አውሮፕላን በሲሙሌተር ያስተምረዋል፣ ከዚያ ከአሠልጣኝ ካፒቴን ጎን በቀኝ ወንበር ያስቀምጠዋል። ሰዓቱን የሚሞላው እዚያው፣ ወደፊት ካፒቴን በሚሆንበት ዓይነት ሥራ ላይ ነው። አውሮፓም 200 ሰዓት አካባቢ ይዘው ጄት ላይ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ሸክሙ ግን ግራ ወንበር ላይ ይወድቃል፦ ካፒቴኑ እያበረረ ያስተምራል፤ ስለዚህ ለካፒቴንነት የሚታጨውን ሰው መምረጥ ላይ ፈጽሞ መላላት አይገባም።

አሜሪካኖቹን የምቀናባቸው በሲኒየሪቲያቸው ነው። የተቀጠርክበት ቀን ተራ ቁጥርህን ይሰጥሃል፤ የምታበረው አውሮፕላን፣ የምትመደብበት ከተማ፣ የዕረፍት ቀንህ፣ ካፒቴን ለመሆን የምትወዳደርበት ጊዜ ሁሉ በሱ ይወሰናል። የማንም ፊት አይታይም። ካፒቴን መሆን እየቻለ በትልቅ ጄት የቀኝ ወንበር መቆየት የሚመርጥ አብራሪ የሚገኘውም ለዚህ ነው፤ ቢያድግ ከካፒቴኖች ሁሉ ጭራ ሆኖ፣ ሲደወልለት የሚሮጥ ተጠባባቂ ይሆናል።

ያው ቁጥር ግን ጨካኝም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኢስተርንና ፓን አም የተባሉት የአሜሪካ አየር መንገዶች ሲዘጉ፣ ትከሻቸው ላይ የካፒቴንነት አራት መስመር የነበራቸው ካፒቴኖች ሌላ አየር መንገድ ሲቀጠሩ ብዙዎቹ ከሥር ጀመሩ። ዛሬም እንደዚያው ነው። በር ላይ 1,500 ሰዓት ካልሞላህ አትገባም የሚልህ ቤት፣ ከገባህ በኋላ 15,000 ሰዓት ብትይዝም ተራህን አይቀይርልህም፤ ካንተ አንድ ወር ቀድሞ የተቀጠረው ጀማሪ ከፊትህ ነው።